አምባው ላይ ያለችው ሴት

ሚያዝያ 17 ቀን 1956፣ ቅዳሜ

ይኸው ጀመርኩ። ጠሂራ ናት ያስጀመረችኝ። "እማማ፣ በየቀኑ ካልጻፍሽ እጅሽ ፊደሉን ይረሳዋል" አለችኝ። አፌ አንድ ነገር ረስቶ አያውቅ፣ እጄ ለምን ይረሳል? ግን እሺ አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ካቻምና ነው፣ በማታ ትምህርት፣ ከዘበኛና ከኩሊ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቄ። በዚህ ዕድሜ ብሎ ያልሳቀ የለም። ይሳቅ፤ ጥርስ ያለው ይሳቅ።

ስሜ ሁሪያ ነው። አገሬ ወሎ፣ ቤቴ ከራጉኤል ጀርባ፣ ሥራዬ እህል በረንዳ። የነጋዴውን ምስርና ሽንብራ አበጥራለሁ፣ ጠጠሩን እለቅማለሁ። ጠሂራ የልጄ የዘይኑዲን ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ አፏ የኔ ነው። ጭንቅላቷ ከየት እንደመጣ ግን አላህ ይወቅ።

ከትናንት ወዲያ አረፋ ነበር። ዘይኑዲን ከደሴ እንግዳ ጠራ፣ ሐጂ ሽኩር የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ። ስጋውን በሉ፣ መረቁን ጠጡ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። ልጅቷን ግን ከቤቱ አስበልጠው አዩ። የደረሰ ወንድ ልጅ አላቸው አሉ። እኔ ምንም አላልኩም።

ትንሽ ብያለሁ።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ነገሩ ወጣ። ዘይኑዲን ከሱቅ ገብቶ ቁጭ ሳይል ነው የጀመረው።

"እማዬ፣ ሐጂ ሽኩር ጠሂራን ለልጃቸው ፈልገዋታል።"

"ጠሂራ ትምህርት ላይ ናት።"

"ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች እኮ። ለሴት ልጅ ምን አነሳት?"

"አንተ አራተኛ በቃኝ ብለህ ወጣህ። ይኸው እስከ ዛሬ አቡጀዲ ስትለካ ትሳሳታለህ።"

ሳቀ። እሱ የሚያዘው ሲስቅ ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ያዝኩት። "ሚኒስትሪውን ትፈተን። ካለፈች ትማራለች። ከወደቀች እኔም አልናገርም፣ ያንተ ቃል ይሁን" አልኩት። "አንቺ? አልናገርም?" አለና እንደገና ሳቀ። እጅ በእጅ ተማታን።

እሱ ሲወጣ ጠሂራ ከመጋረጃው ጀርባ መጣች። ታቅፈኛለች ብዬ ክንዴን ከፈት ሳደርግ፦

"እማማ ምን አደረግሽ! እኔ እኮ አማርኛ ነው የምወድቀው!"

"አማርኛ? ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ስትመልሽልኝ ኖርሽ?"

"ይሄኛው የድሮ ነው። የነገሥታት ታሪክ፣ የጥንት ድርሰት። ንጉሡ አንድ ነገር ሲናገር ግማሹ ግዕዝ ነው። ማን ማንን እንደገደለ እንኳ አይገባኝም። ሂሳቡን እችላለሁ፣ ሳይንሱን እችላለሁ። እሱ ነው የሚጥለኝ።"

ወይ እኔ ቁማርተኛ። ሰው በልጅ ይቆምራል?

ሚያዝያ 28፣ ረቡዕ

ዘዴ አገኘሁ። "መጽሐፉን ይዘሽ በረንዳ ነይ። አንቺ አንብቢ፣ እኔ እየለቀምኩ ልስማ" አልኳት። እንኳን እሷ ሁለት ጓደኞቿም ተከትለዋት መጡ። አንዷ ለተብርሃን፣ እናቷ በርበሬ የምትሸጠው። አንዱ ቶላ፣ አባቱ እዚሁ በረንዳው ላይ ጆንያ የሚሸከመው። ሁለቱም እንደ ጠሂራ አማርኛ ያስጨንቃቸዋል። ባዶ ጆንያ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው።

አብራኝ የምትለቅመው ፋንታዬ ከፋሲካ ዶሮ ገና አልተላቀቀችም፣ እያዛጋች "ሁሪያ፣ ደግሞ ትምህርት ቤት ከፈትሽ?" አለችኝ። "አዎ፣ አንቺን የሚቀበል ክፍል ግን የለም" አልኳት።

ታሪኩ ስለ አንድ የድሮ ንጉሥ ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ አልጽፈውም፣ ወረቀት ይጨርሳል። ንጉሡ ዙፋኔን ይቀማኛል ብሎ ታናሽ ወንድሙን አምባ ላይ ያስረዋል። ዙሪያው ገደል። ብዙ ዘመን ያልፋል። ጠላት ሲመጣ ንጉሡ ይጨንቀውና ወንድሙን አስወርዶ ጦር ይሰጠዋል። ወንድምየው ይዘምታል፣ ያሸንፋል። ከዚያ በገዛ እግሩ ተመልሶ አምባው ላይ ይወጣል። ይኸው ነው።

ልጆቹ ሲያነቡት እንደ ውዳሴ ማርያም ነው፣ አፋቸው ይሄዳል ልባቸው የለም። አስቆምኳቸው። "ቶላ፣ አባትህ የሚሸከምላቸውን ሁለቱን ወንድማማቾች ታውቃለህ? ትልቁ ታናሹን ከሱቁ አላስወጣውም? ጉምሩክ ሲይዝበት ደግሞ 'ወንድሜ ድረስልኝ' አላለም?" ቶላ ዓይኑ በራ። "እህ! ንጉሡ ማለት እሳቸው ናቸው!" አለ። "ቀስ በል፣ ይሰሙሃል" አልኩት። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ግዕዝ እንደ ቅቤ ቀለጠ።

ማሻአላህ። ለካ አስተማሪ ኖሬያለሁ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ለተብርሃን ጠየቀች። "ግን እማማ፣ ካሸነፈ በኋላ ለምን ተመልሶ ወጣ?"

"መጽሐፉ ምን ይላል?"

"አይልም። ወጣ ብቻ ነው የሚለው።"

እኔ ደግሞ ያልተቋጨ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። "ሰው ወደ እስር ቤት በገዛ እግሩ የሚመለሰው እዚያ ሰው ካለው ነው" አልኳቸው። "እላይ ሴት ነበረችዋ! የጠባቂው ልጅ። ገና የታሰረ ሰሞን ውሃ የምታደርስለት እሷ ነበረች። እንደማታየው ሆና ታየዋለች። እሱ እንደማያያት ሆኖ ያያታል።" ፋንታዬ ሰፌዷን አስቀመጠች። ከወዲያ ማዶ ያሉት ለቃሚዎችም ጆሯቸውን አቀኑ። እና ልተወው? ሊዘምት ሲወርድ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሸኘችው፣ "አትመለስ፣ ነፃ ወጥተሃል" አለችው። ምን ይመልስላት? "ነፃነቱ እላይ ከሆነስ?" አላት።

ጠሂራ መጻፏን ትታ አፏን ከፍታ ቀረች። እንደዚያ ስታየኝ ከሕፃንነቷ ወዲህ አላየሁም።

ግንቦት 9፣ እሑድ

በየቀኑ ይመጣሉ። ከክፍላቸው ሌሎችም እየተጨመሩ ነው። ለሴትየዋ አንድ ወንድም ሰጠኋት፣ ክፉ። አንድ ፍየልም ሰጠኋት።

ፋንታዬ ዛሬ "ሁሪያ፣ ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ ልበል?" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እንጃ። የዘይኑዲን አባት ጣልያን ሲመጣ ጠመንጃውን ይዞ ሄደ። አብረውት የሄዱት ተመለሱ። ይሄ ከነገሩ ጋር አይገናኝም።

ደመናው ከብዷል። ጆንያውን መሸፈን አለብኝ።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ያ ረቢ ምን አይነት ቀን ነው።

ከጁምዓ መልስ ቁጭ ብዬ ስለቅም አንድ ቀጭን ሰው ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ ጆንያ እየዘለለ፣ "እትዬ ሁሪያ የሚባሉት የትኛዋ ናቸው?" እያለ መጣ።

"እኔ ነኝ። ምስር ነው ሽንብራ?"

"ልገዛ አይደለም። በሪሁን እባላለሁ፣ የነጠሂራ የአማርኛ መምህር ነኝ።"

"እሰይ! ምነው ቀድመው አልመጡ! ይቀመጡ፣ ኧረ ፋንታዬ ተነሺላቸው—"

"እማማ" አሉኝ፣ ቆመው። "አምባው ላይ ያለችውን ሴት እርስዎ ነዎት ያመጧት?"

"ምነው? ምን አደረገች?"

"የለችማ! መጽሐፉ ላይ የለችም! የሙከራ ፈተና ሰጠሁ፣ 'መስፍኑ ወደ አምባው የተመለሰበትን ሁኔታ ከታሪኩ እየጠቀስክ አስረዳ' ብዬ። እርስዎ ጋ የሚመጡት በሙሉ ሴት ጽፈውልኛል። አንዱ ጋ ፍየል አላት። ለተብርሃን ጋ ደግሞ አርግዛለች!"

"እርጉዝ ናት አላልኩም!" አልኩ። "እሱን ከራሷ ነው የጨመረችው!"

ለቃሚው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሊስቁ ብለው ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ ግን አፌ መች ይታሰራል። "እና መጽሐፍዎ ለምን እንደወጣ ካልነገረን ማን ይንገረን? ጎዶሎ መጽሐፍ ሰጥተው ልጁ ሞላው ብለው ይቆጣሉ?" አልኳቸው።

አዩኝና ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እማማ፣ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ሆኜ መምህሬ አንድ ቃል ብጨምር በአለንጋ ነበር የሚሉኝ። እኔ አልመታቸውም። ግን መጽሐፉ የተናገረበትንና ዝም ያለበትን ቦታ መለየት አለባቸው። ፈተናው እሱን ነው የሚጠይቃቸው። ጠሂራ ጎበዝ ልጅ ነበረች። እንደዚህ ከጻፈች ትወድቃለች።"

ትወድቃለች አሉ። በዚህ ቃል።

"ዝም ማለት እኔ አላውቅበትም" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ትዝ አይለኝም።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ጠሂራ አታናግረኝም። ሻዩን አስቀምጣልኝ ሄደች። ትናንት ማታ ደግሞ አባቷ ወረቀቷን አየ። ቀዩን ቀለም ሲያይ ምንም ክፉ ነገር አልተናገረም፣ "ሐጂ ሽኩር ክረምት ሲገባ ይመጣሉ" ብቻ አለ። ተቆጥቶ ቢሆን እመልስለት ነበር።

ልጅቷ ላይ የፈረድኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አስያዝኳት፣ ከዚያ በምላሴ አስወደቅኳት። ስትሰማኝ ደስ ስላለኝ ነው። ልጆች በዙሪያዬ ተቀምጠው "ከዚያስ እማማ?" ሲሉኝ ደስ ስላለኝ ነው። እኔን በእሷ ዕድሜ ሳለሁ "ከዚያስ" ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። በበቅሎ ጭነው ወሰዱኝ፣ አለቀ።

ለማንኛውም። ከነገ ጀምሮ አፌን እዘጋለሁ።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ዘጋሁ።

ልጆቹ መጥተው አነበቡ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ፋንታዬ ግንባሬን ዳሰሰች። የቶላ አባት ጆንያውን አውርዶ "እማማ ሁሪያ ምን ሆነዋል? በረንዳው ጭር አለ እኮ" ብሎ ጠየቀ። ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሎት ዝንጅብል ይዞልኝ መጣ። ተቀበልኩ። ምን ልበል?

ቶላ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዘጋሁ። መንጋጋዬን አመመኝ።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ለተብርሃን ስታነብ አንዴ፣ ሁለቴ ተንተባተበች፣ ማንም አላረማትም። ጠሂራ መጽሐፉን ነጠቀቻትና ዘጋችው። ወደኔ ዞረች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፊቴን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"እማማ፣ አውሪ።"

አንገቴን ነቀነቅኩ።

"አውሪ ነው የምልሽ! አንቺ ስትናገሪ ነው የሚገባን። ዝም ስትይ ንጉሡ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።"

"እና ትወድቂ?" አልኳት። ድምፄ ሻግቶ ነበር።

ከሰፌዴ ላይ እፍኝ ምስር አነሳች። ከመሃሉ አንድ ጠጠር በጣቷ ለይታ አወጣች። "አንቺ ታወሪያለሽ። እንደፈለግሽ። የፈለግሽውን ጨምሪ፣ የቱ ጭማሪ እንደሆነ አትንገሪን። እኛ እንለቅማለን። ያልተጻፈ ነገር ስትናገሪ 'ጠጠር' እንላለን። 'ጠጠር' ያለ ደግሞ መስመሩን ያሳያል። ማሳየት ያልቻለ ይሸነፋል።"

"አንቺ ልጅ!" አለች ፋንታዬ። "አያትሽን ሰፌድ ላይ ልታወጫት ነው?"

"አዎ" አለች ጠሂራ። ሳቀች። ያ ሳቋ።

ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁሉ ነገር አለፋቸው። ንጉሡን አንካሳ አደረግኩት፣ አለፋቸው። ጦሩን በዝናብ አዘመትኩት፣ ለተብርሃን ዘላ ተነሳች፦ "ጠጠር! 'በበጋ ወራት' ነው የሚለው፣ ይኸው፣ ሦስተኛው መስመር!" ወንድምየው ሰንሰለቱ ሲፈታ አለቀሰ ስል ቶላ፦ "ጠጠር! ዝም አለ ነው የሚለው!" ወላሂ መጽሐፉን እንደዚያ ሲገለብጡት ለዳቦ አይመስልም?

ማምሻው ላይ አምባው ጋ ደረስን። ቶላ ቀስ ብሎ፣ እንደማፈር እያለ፣ "እማማ፣ ሴትየዋም ጠጠር ናት" አለኝ።

"መስመሩን አሳየኛ።"

አሳየኝ። "ወደ አምባውም ተመለሰ" ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው፣ ነጭ ወረቀት ነው። ጣቴን አስኬድኩበት። እውነት ነው፣ የለችም።

"ልክ ነህ፣ ጎሽ" አልኩት። በሆዴ ደህና ሁኚ አልኳት።

ግንቦት 25፣ ማክሰኞ

ዛሬም ጠጠር፣ ጠጠር። ጉሮሮዬ እውነትም ታመመ። የዝንጅብሉ ጊዜ አሁን ነበር።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

ዘይኑዲን በረንዳውን ሲያቋርጥ ቆሞ ሰማን። ለካ ቆይቷል፣ አላየሁትም። ሌላ ታሪክ ላይ ነበርን፣ ስለ አንዲት የጥንት ንግሥትና ስላሠራችው ግድብ። እኔ "ግድቡን በሰባት ዓመት ጨረሰችው" ስል ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፦

"ጠጠር!"

ሁላችን ዞርን። ልጄ ነው፣ ሁለት ጣቃ ጨርቅ ትከሻው ላይ እንደያዘ።

"አባዬ፣ መስመሩን አሳይ" አለችው ጠሂራ። ቀለደች መሰለኝ፣ ግን መጽሐፉን ሰጠችው። ጣቃውን አውርዶ ተንበረከከና መፈለግ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ፊደሉን እያንዳንዱን ይቆጥራል፣ እንደኔ። ቢቸገርም አልተነሳም። ጠሂራ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጣቱን ይዛ አመለከተችው። "እዚህ ጋ ነው አባዬ።" ሰባት ዓመት ይላል። ተሳስቷል።

"እሺ፣ ተሸነፍኩ" አለና ጨርቁን አንስቶ ሄደ። ዞር ብሎ ሁለቴ አየን።

ሐጂ ሽኩርን ያነሳ ሰው የለም። (ስለዚህኛው ዝም ማለት ተማርኩ።)

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተፈተኑ። ጠዋት ሱረቱል ፋቲሓን ቀርቼ እፍ አልኩባት፣ ወጣች። ለተብርሃን ራጉኤል ደጃፍ ተሳልማ መጣች፣ ቶላ ሁለቱም ጋ ዱአ ይደረግልኝ አለ፣ ብልጥ።

ሲመለሱ ሦስቱም በረንዳው ድረስ መጡ። "ኧረ ተናገሩ!" አልኳቸው።

"የማናውቀው ታሪክ መጣ" አለች ጠሂራ። "ማንም ያላስተማረን።"

ሰፌዴን አስቀመጥኩ።

"ታዲያ ቀስ ብዬ ለቀምኩት" አለች።

አልፌያለሁ አላለችም፣ ወድቄያለሁም አላለችም። ከዚህ በላይ ልትነግረኝ አልፈለገችም። እኔም አልጠየቅኩም ብል ውሸት ነው። እስከ ቤት ድረስ ጠየቅኳት።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

መውሊድ ደርሷል። ዝናቡ ጭድ ተራን አጥቦ እኛ ጋ አመጣው፣ በረንዳው ሁሉ ጭድ ነው። ሐጂ ሽኩር ሰው ልከዋል፣ "ነገራችን እንዴት ሆነ?" ብለው። ዘይኑዲን "ውጤት እየጠበቅን ነው" አላቸው። መልእክተኛው ሳቀ፣ "ሴት ልጅ ለማግባት ደግሞ ውጤት?" ብሎ። ዘይኑዲን አልሳቀም።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

አለፈች። አለፈች። አለፈች። ለተብርሃንም። ቶላም፣ ለጥቂት።

ነገ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

አሁን ልጻፍ። ትናንት ዘይኑዲን እንዳይከዳኝ ብዬ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ያዘጋጀሁት ዘለፋ ለአንድ ሰፈር ይበቃል። ገባና፣ ጫማውን አውልቆ፣ "ለደሴ ልኬላቸዋለሁ። ቃል ቃል ነው። ትማር" አለ።

ይኸው ነው። አንዱንም ሳልጠቀምበት ቀረ። እንኳን ቀረ።

ጠሂራ እጁን ሳመችው። እሱም ፀጉሯን በሻሿ ላይ ዳበሳት። እኔ ምድጃ ጋ ሄጄ ያላረረ ድስት አማሰልኩ።

ነሐሴ 8፣ ዓርብ

መምህር በሪሁን ቤት ድረስ መጡ። ዣንጥላቸው ተሰብሯል፣ ግን ፈገግ ብለዋል። አማርኛዋ ጥሩ ስለሆነ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጣለች አሉ። ደብረ ብርሃን። ማደሪያ አለው፣ መኝታው፣ ቀለቡ በመንግሥት ነው። ስትጨርስ አስተማሪ ትሆናለች።

ጠሂራ ወለሉን ታያለች። ጉንጯ ግን ቀልቷል።

"ስንት ጊዜ ትመጣለች?" አልኳቸው።

"በክረምት ትመጣለች እማማ።"

"ክረምት ገና አላለቀም እኮ።"

"የሚመጣው ክረምት።"

ዘይኑዲን ወደኔ ዞረ። "እማዬ፣ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። እሺ ካልሽ ትሄዳለች። እዚሁ ትማር ካልሽም እዚሁ ትማራለች፣ ትምህርት ቤት ሞልቷል። አንቺ ተናገሪ።"

እኔ ተናገሪ ተባልኩ። እስኪ እዩት።

"ላስብበት" አልኩ። በሕይወቴ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ

ሳል አላት። ክረምት ሲገባ ሁልጊዜ ትስላለች። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ውርጩ ገብስ ያደርቃል ይላሉ። ሳንባዋ ደካማ ነው ብዬ ብነግራቸው ማንም አይጠይቀኝም። ውሸት አይደለም። አምና ሳምንት ሙሉ ስትስል ነበር።

ሌሊቱን አዳመጥኳት። ዛሬ ግን አልሳለችም።

አንድ ጊዜ ብትስል ምን ነበረበት።

ነሐሴ 10፣ እሑድ

ጠዋት ጠሂራ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ዘይኑዲን "እማዬ፣ ምን አሰብሽ?" አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሳሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ ወላሂ። ዘይኑዲን ደግሞ የምለውን ያምናል፣ ምን ጊዜም ያምነኛል፣ እሱ ነው ክፋቱ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ይህን ብናገር ጠሂራ መስመሩን አሳዪኝ አትለኝም። "እሺ እማማ" ብላ ትቀራለች። ዕድሜ ልኳን ሳንባዬ ደካማ ነው ብላ ትኖራለች።

"ትሂድ" አልኩት። "ወፍራም ጋቢ ግዛላት።"

ጠሂራ በሩ ላይ ናት። እንስራው ከነውሃው። መቼ እንደደረሰች አላውቅም። አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። እንስራውን አውርዳ መጥታ ጭኔ ላይ ራሷን አደረገች፣ ልጅ ሆና እንደምታደርገው። ከበዳት ይሆን ቀለላት አላወቅኩም። ፀጉሯን ፈትቼ እንደገና ሠራሁላት። ስሠራላት ስለ ቅማል፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ማደሪያ ልጆች፣ ስለ አስተማሪ ደሞዝ፣ ያልተናገርኩት የለም። አንዱን ነገር ብቻ አልተናገርኩም።

ጳጉሜን 2፣ ሰኞ

ጋቢው መጣ። ዘይኑዲን ራሱ መርጦ ነው። ርዝመቱን ለክቶታል፣ አልተሳሳተም።

ፋንታዬ ለመንገድ በሶ ሰጠቻት። ለተብርሃን ስታለቅስ ቶላ ሊያስቃት ብሎ እሱም አለቀሰ። አዳዲስ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ መጥተው "ጠጠር የሚጫወቱት እዚህ ነው?" ይላሉ። ከመስከረም በኋላ ኑ አልኳቸው። አሁን ሥራ አለብኝ።

መስከረም 12 ቀን 1957፣ ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስን። የተሳፈረችው ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ነው። ያው ሙሽራ ሆና ልትሄድበት የነበረው መሆኑ ነው፣ ያው መንገድ፣ ያው ወንበር። እሷ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ትወርዳለች። ሾፌሩን "ረስተህ እንዳታሳልፋት" አልኩት። "እማማ፣ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ" አለ። "አራተኛው ይኸው" አልኩት።

ዘይኑዲን ሻንጣዋን ጣሪያው ላይ አስወጣ፣ ገመዱን ራሱ አሰረ፣ ፈትቶ እንደገና አሰረ። ከዚያ ዞሮ የሌላ ሰው ሻንጣ ማሰር ጀመረ።

ጠሂራ በመስኮቱ ብቅ አለች። ጋቢው አፍንጫዋ ድረስ ነው።

"እማማ፣ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። አጠር አድርጌ፣ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ፣ እንዳይደክምሽ።"

ሞተሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ እኔ ከሁሉ በላይ እጮሃለሁ።

"ረጅም ጻፊ! ስለ ሁሉም ነገር ጻፊ! እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ እስከ ክረምት ይቆይልኛል!"